ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ሰኞ 2

ዛሬ ፈረምኩ። የቦርዱ ሰብሳቢ በሩን ራሳቸው ዘግተው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ካነበብሽ በኋላ ነው የምትፈርሚው" አሉኝ። አነበብኩ። ድርጅታችን ከሌላው ትንሽ የሞባይል ድርጅት ጋር ለመዋሃድ ንግግር ጀምሯል። የቦርዱን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም። "ለማንም ማለት ለባልሽም ነው፣ ለትራስሽም ነው" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እጄ ግን የገዛ ፊርማዬን አበላሸ። ሌላ ቅጂ አመጡልኝ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ወደ ቤት ስመለስ ነው። ለሰው ካልነገርኩ ለወረቀት ልንገር ብዬ ነው። ወረቀትም እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ስለዚህ ስም አልጽፍም። እኛ እኛ ነን። ያኛው ትንሽ ድርጅት በቃለ ጉባኤው እንደተባለው "ወገን ለ" ነው። ከአሥር ደንበኛ ሰባቱን የያዘው ደግሞ "ትልቁ" ነው። ደብተሩ የሚኖረው የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ እዚያ መሳቢያ እጁን አስገብቶ አያውቅም።

ባለቤቴ የእኛ ድርጅት ወኪል ነው። ሲም ካርድ ይሸጣል፣ የተሰበረ ስልክ ይጠግናል። ይህን ለሰብሳቢው ማስታወስ ነበረብኝ? ያውቃሉ። የሚያውቁ ይመስለኛል።

ሐሙስ 5

የመጀመሪያው ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ነው የተናገረው። "ለብቻችን ሦስት ዓመት አንቆይም። ትልቁ አንድ የአንቴና ማማ ሲተክል ወጪውን ለሰባት ደንበኛ ያካፍለዋል፤ እኛ ለአንድ ተኩል። ማማዎቻችንን ከወገን ለ ጋር ብናጋጥም ግን የማንደርስበት አገር በግማሽ ይቀንሳል።"

ከቦርዱ አባላት በዕድሜ የሚበልጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እሳቸው አልተቀበሉትም። "ሦስት ሻጭ የነበረበት ገበያ ሁለት ሻጭ ሲቀረው ዋጋ ወርዶ አላየሁም። ደግሞ ሁለት ዋና የማይችሉ ሰዎች ተቃቅፈው ባይ ዋናተኛ አልላቸውም።"

"ታዲያ መምህር፣ ለየብቻችን እንስመጥ?"

"ለየብቻማ ከሆነ ምናልባት አንዱ ይተርፋል።"

ሁሉም ሳቁ፤ ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። እኔ "ሰፊ ውይይት ተደርጓል" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ትክክል መስለውኛል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ለእሱ የሚሆን መስመር የለም።

ከምሳ በኋላ አባሪውን ጻፍኩ። "ተደራራቢ ሱቆች" የሚል ሠንጠረዥ ነው። የእኛ ብርቱካናማ ሱቅና የወገን ለ ሰማያዊ ሱቅ በሁለት መቶ እርምጃ ውስጥ ከተገኙ አንዱ ይዘጋል። ሃምሳ ስምንት ተራ ቁጥር አለው። ሠላሳ አንደኛው የእኛ መንገድ ነው። "የሚቀር" በሚለው ሥር ሰማያዊዋ አለች። ምክንያት፦ የማዕዘን ቦታ፣ ሰፊ ፊት ለፊት።

የሚቀር ማለት የሚተርፍ ነው ወይስ የሚሰረዝ? "ቀረ" ሁለቱንም ይሆናል እኮ። ለአንድ ደቂቃ ያህል በዚህ ተጽናናሁ። ከዚያ ቀጣዩን ዓምድ አየሁ፦ "የሚዘጋ።" የባለቤቴን የሱቅ ቁጥር አንድ አሃዝ ሳልሳሳት ጻፍኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆየሁ።

ማክሰኞ 10

ባለቤቴ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ሲባጎ ይዞ ገባ። ሲባጎው ሦስት ቋጠሮ አለው። ከሱቁ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ሊለቅ ነው፤ ቋጠሮዎቹ የክፍሉ ርዝመት፣ ስፋትና የበሩ ቁመት ናቸው። ክፍሉን ተከራይቶ በመሃል ያለውን ግድግዳ ሊያፈርስ ነው። ሲባጎውን ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋው።

"እዚህ ጋ የጥገና ጠረጴዛ። እዚህ ጋ አግዳሚ ወንበር። ሰው እኮ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ፤ ያሳፍራል።"

ልጃችን እግሯን እያነሳች በላዩ አለፈች። "አባዬ፣ ቤቱን ጠቀለልከው" አለችው።

"ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው ብቻ?"

"ደክሞኛል።"

አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ውሉ የአምስት ዓመት ነው።

ረቡዕ 11፣ አውቶቡስ ውስጥ (ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁ)

ለምን "ጥሩ ነው" አልኩ? "እናስብበት" ማለት እችል ነበር። "እናስብበት" ምስጢር አያወጣም።

ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ስልኳ ላይ ሰማያዊ ሲም ካርድ እያስገባች ነው። አላየሁም ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ምን ሆኛለሁ?

እሑድ 15

እናቴ ደወለች። የእሷ ቤት ሸንተረር ላይ ነው። የእኛ ኔትወርክ የሚደርሳት ከግቢው ውጭ፣ የውሃ ጋኑ አጠገብ ስትቆም ብቻ ነው። ዝናብ እየዘነበባት ነበር።

"ግቢ እማዬ፣ ሌላ ቀን እናወራለን።"

"እዚሁ ሰፈር የሰማያዊዎቹ ስልክ አልጋ ላይ ሆኖ ይሠራል" አለችኝ። "እኔ ግን የልጄን ድርጅት ትቼ አልሄድም ብዬ ነው የምበሰብሰው።"

ሳቅን፤ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ ተቋረጠ።

ቢዋሃዱ እናቴ ካልጋዋ ሳትነሳ ታወራኛለች። በእሷ በኩል ስቆም ይዋሃዱ እላለሁ። ባለቤቴ በሩን ሲከፍት ስሰማ ደግሞ አይሁን እላለሁ። መምህሩ አንዴ አይሆንም ብለው ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁም አንዴ ይሁን ብሎ። እኔ ነኝ በቀን አራት ጊዜ የምገለባበጠው፤ ለነገሩ ድምፅ የለኝም።

ሰኞ 16

ሁለተኛ ስብሰባ። መምህሩ "ለሱቆቹ መቼ ነው የሚነገራቸው?" ብለው ጠየቁ።

"በጊዜው" አለ ሥራ አስኪያጁ። "አሁን ከተነገራቸው ትልቁ በማግስቱ ይሰማል። ዋጋ ቀንሶ ደንበኞቻችንን ይወስድብናል፤ ወገን ለ ራሱ ደንግጦ ይሸሻል።"

"እስከዚያ አንዱ ሱቁን አስፍቶ፣ ዕቃ ሞልቶ ቢጠብቅስ?"

"መምህር፣ ሃምሳ ስምንት ሱቅ ነው። ሁሉም አያሰፋም።"

"በጊዜው እንዲነገራቸው ተወስኗል" ብዬ ጻፍኩ። ብዕሬ ወረቀቱን በሳው።

አርብ 20

ውሉን ይዞልኝ መጣ። "አንቺ ወረቀት ታውቂያለሽ። እስኪ እዪልኝ፤ አከራዩ አፉ ጤፍ የሚቆላ ነው፣ እንዳያታልለኝ" አለ። እራት ሳይቀርብ ተቀምጬ አነበብኩ። ደህና ውል ነው። አንድም የሚያሰጋ ነገር አጣሁበት፤ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

"የውሃው ቆጣሪ የማን እንደሆነ አልተጻፈም" አልኩ።

"የእሱ ነው፤ ይታወቃል።"

"ይታወቃል ሌላ፣ ይጻፋል ሌላ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ነገ እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ አለ። አንድ ቀን አገኘሁ። አንድ ቀን ምን ይሠራልኛል?

ቅዳሜ 21

ምሳውን ይዤለት ሱቁ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ማዕዘኑ ላይ የወገን ለ ወኪል የሆነችው ሴት አለች። ባለቤቴ "ማዶ" ብሎ ነው የሚጠራት። ሦስት ልጆች ብቻዋን አሳድጋለች፤ ትልቁ ልጇ አሁን የትልቁ ድርጅት ሽያጭ ክፍል ተቀጥሯል። "ከእናቱ ጠላት ጋር ተደባለቀ" እያለች ትስቃለች። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲቀማሙ ውለው ማታ ላይ ዝርዝር ብር፣ መፍቻ፣ መሰላል ይዋዋሳሉ።

"ወንድሜ፣ ታፔላዬን ላስቀባ ነው" አለች ዛሬ። "ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆኗል። ያንተ ብርቱካን ከሩቅ እየታየ ሰው ይወስድብኛል።"

"ብርቱካኑ አይደለም፣ የባለሱቁ ቁንጅና ነው።"

"እሱስ ቢሆን ቀለም ፈልጓል።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ምሳውን አስቀምጬ ወዲያው ወጣሁ። ከኋላዬ "ሚስትህ ታማለች እንዴ?" ስትል ሰማኋት።

ማክሰኞ 24

ዛሬ ጠዋት የሆነውን በትክክል፣ እንደ ቃለ ጉባኤ ልጻፈው።

ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ልጃችን ትምህርት ቤት ሄዳለች። ባለቤቴ ውሉን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የውሃው ቆጣሪ ተጽፏል። ብዕሩ ጆሮው ላይ ነው።

"ልፈርም ነው" አለኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

"ልፈርም?" አለኝ። አሁን ጥያቄ ሆነ።

አላየሁትም። የከተፍኩትን ሽንኩርት በእጄ ሰበሰብኩት፣ መልሼ በተንኩት። እሱ ቆሞ ጠበቀ። በመንገዱ ላይ የውሃ መኪና አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ጸጥ አሉ። አሁንም ጠበቀ።

"ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝ" አልኩ በመጨረሻ።

ብዕሩን ከጆሮው አውርዶ ኪሱ ከተተው። ውሉን አራት ቦታ አጠፈው። "ዛሬም ታመሺያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። አመሻለሁ አልኩት። ሄደ።

ይኸው ነው። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ወገን ለ፣ ስለ ሠንጠረዡ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሰብሳቢው ቢጠይቁኝ በሙሉ ልብ እመልሳለሁ።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዛሬ ገና እህል ጣመኝ።

ሐሙስ 26

ለአከራዩ አልፈልግም አለው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁም። ልብስ ሰፊው ገርሞት ቤታችን ድረስ መጥቶ "እኔ እኮ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ ነው ያቆየሁልህ" አለ። ባለቤቴ "ወገቤን አመመኝ፣ ሰፊ ቤት መጥረግ አልችልም" አለው። የባለቤቴ ወገብ ምንም አልሆነም።

እራት ላይ ሳህኑን እያየ ሁለት ጊዜ ፈገግ አለ። ፈገግታው አላማረኝም።

ሰኞ 30

ጋዜጣ ላይ ወጣ። የፊት ገጽ፣ ታችኛው ጥግ፦ ሁለቱ ትናንሽ የሞባይል ድርጅቶች በምስጢር ሊዋሃዱ ነው። ረፋድ ላይ ደግሞ ትልቁ "ወደ እኛ ለሚዞር ደንበኛ ለሦስት ወር ግማሽ ዋጋ" ብሎ አስታወቀ።

ከታች እስከ ላይ ስልክ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። ለማንም ሰላም አላለም። ለእኔ ብቻ አይደለም።

ማክሰኞ 1

አስቸኳይ ስብሰባ። ወገን ለ "ምስጢር መጠበቅ ከማይችል ጋር አልተኛም" ብሏል፤ በዚህ ቃል አይደለም፣ መንፈሱ ግን ይኸው ነው። ያወጣውን ሰው እንድናገኝ ሁለት ሳምንት ሰጥተውናል። ወረቀቱን ያየን በጣት የምንቆጠር ነን፤ የቦርዱ አባላት፣ ሥራ አስኪያጁ፣ እኔ፣ ምድር ቤት ሆነው ወረቀቱን የሚያባዙትና የሚጠርዙት ጋሼ።

ሥራ አስኪያጁ "ከቦርድ አባል ይወጣል ብዬ አላምንም" አለ። ስለዚህ ቀሪው ሁለት ነው። ቆጥሬ ጻፍኩት።

ረቡዕ 2

ነገረ ፈጁ ጠራኝ። ትሑት ሰው ነው።

"ስለ ውህደቱ ለማንኛውም ሰው በቃልም ሆነ በጽሑፍ ተናግረዋል?"

"ለማንም አንድ ቃል አልተናገርኩም።"

"ባለቤትዎ ወኪላችን ናቸው፤ እሳቸውም አልጠየቁዎትም?"

"ስለ ድርጅቱ ጠይቆኝ አያውቅም።"

ጻፈው። አንብቦ አሰማኝ። ፈረምኩ። ዛሬ ፊርማዬ አልተበላሸም።

ደብተሩ ሰው አይደለም። ውል ልፈርም ወይ ማለትም ስለ ድርጅቱ መጠየቅ አይደለም። እውነት ነው የፈረምኩት።

አርብ 4

ጋሼ ታገዱ።

ቦርሳቸው ሲፈተሽ አሥራ አንድ ገጽ ተገኘ። የተበላሹ ቅጂዎች ናቸው፤ በአንድ ጎን የእኔ ጽሑፍ፣ በሌላው ጎን ባዶ። ለልጅ ልጃቸው ሥዕል መሳያ ነው የሚወስዷቸው። ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ "ይህንንም ይውሰዱላት" ብዬ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጥበቃው አጅቧቸው ሲወጡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆም አሉ። "እኔ ወረቀት ሳላነብ እንደማባዛ አንቺ ታውቂያለሽ። መነጽሬ ለቅርብ አይሆንም" አሉኝ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ንገሪያቸዋ።"

ነገርኩ። ለነገረ ፈጁ "ሳያነቡ ነው የሚያባዙት" አልኩት። "ይጻፍልዎት?" አለኝ። ጻፈው። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

ቅዳሜ 5

አልቻልኩም፤ ጠየቅሁት። ሱቅ ዘግቶ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ።

"ለማን ነው የተናገርከው?"

"ምኑን?"

"ለማን?"

ቁጭ አለ። "ለማዶ ብቻ ነው። ታፔላሽን አሁን አታስቀቢ፣ ትንሽ ቆዪ አልኳት። ሌላ ነገር አላልኩም።"

"ለምን?"

"ቀለሙን በውድ ልትገዛ ነበር፤ አሳዘነችኝ። እኔን የሚመለከት ነገር እሷንም ይመለከታል ብዬ። ሁለቱ ካልተዋሃዱ እኔ ሱቄን እንዳላሰፋ የምትፈልጊበት ምን ምክንያት አለሽ?"

"እኔ ምንም አልነገርኩህም።"

"አልነገርሽኝም" አለ።

"አንድ ቃል አልወጣኝም።"

"አልወጣሽም። አንቺ እኮ በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ልሥራ ብዬ ስጠይቅሽ መልስ አጥተሽ አታውቂም። ጫማ ስገዛ እንኳ ሦስት ሐሳብ አለሽ። ሽንኩርት ከተፍሽና ዝም አልሽ። ምን ልበል ታዲያ?"

ማዶ ነገሩ ገብቷት ለልጇ ነግራዋለች፤ እናት ናት። ልጇ ደግሞ ለአለቃው፤ ከዚያ ጋዜጣው ጋ ደረሰ። እሱም ከፍ ሊል ይፈልጋል።

ተናደድኩበት። ለማዶ ማዘን የእሱ ፋንታ ነው? ማዶስ ለልጇ መንገር ነበረባት? ልጇስ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ሁሉንም በየተራ ወቅሼ ጨረስኩ። ስጨርስ ጋሼ ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ማለቴ በሐሳቤ።

ማክሰኞ 8

ነገ ለሚደረገው ስብሰባ ወረቀቱን ራሴ እንዳባዛ ታዘዝኩ። ምድር ቤት ወረድኩ። የጋሼ ወንበር ላይ ትራሳቸው አለ። ማሽኑ አራተኛው ገጽ ላይ ወረቀት በላና ቆመ። ጎተትኩ፤ ተቀደደ። ከፈትኩ፤ ጮኸ። ስብሰባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ላብ አጠመቀኝ።

ደወልኩላቸው። ምን ፊት ይዤ እንደሆነ እንጃ።

"የጎኑን በር ክፈቺ" አሉኝ፣ ልክ ትናንት አብረን እንደዋልን። "ከፈትሽ? አረንጓዴ እጀታ አለች። ወደ ራስሽ ሳትጎትቺ ወደ ታች ጫኛት። ቀስ አርጊ ልጄ፣ አትቆጪ፣ እሷ ቁጣ አትወድም።"

"ወጣ ጋሼ።"

"ቁራጭ እንዳይቀር በጣትሽ ዳብሺ። የቀረ ካለ እንደገና ይይዝሻል።"

ዳበስኩ። ትንሽ ቁራጭ ነበረች።

"እንዴት ነዎት?" አልኩ።

"ቤት መዋል አልለመድኩም። ልጄ 'አባባ ምንድነው ያደረግኸው' ብላ ትጠይቀኛለች። ምንም ስላት የማታምነኝ ይመስለኛል።" ወዲያው ወደ ማሽኗ ጉዳይ ተመለሱ። "በይ ማሽኗን ሳታጠፊ እንዳትወጪ፤ ትግላለች።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትራሳቸው ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ጥበቃው መጥቶ "እሜቴ፣ መብራት ላጠፋ ነው" አለኝ።

ረቡዕ 9

አልተናገርኩም። ስብሰባው ረዘመ፤ ሰብሳቢውን ብቻቸውን አላገኘኋቸውም። መምህሩ ትልቁ ዋጋ ከቀነሰ ወዲህ ዝም ብለዋል።

ሐሙስ። ሐሙስ እናገራለሁ።

ልጃችን "እማዬ፣ የምትሰፊው ሳይኖር መሳቢያው ለምን ይከፈታል?" አለችኝ። መርፌ ፈልጌ አልኳት።

ሐሙስ 10

ሰብሳቢውን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ኮታቸውን ሊለብሱ አንድ እጃቸውን አስገብተው ነበር።

"ጋሼ አይደሉም ያወጡት" አልኩ።

"በምን አወቅሽ?"

"እኔ ስለሆንኩ።"

ሌላውን እጅ ሳያስገቡ ተቀመጡ። ለማን እንደነገርኩ ጠየቁኝ። ለባለቤቴ አልኩ። ምን ብዬ እንደነገርኩት ጠየቁኝ።

"ምንም አላልኩትም። ውል ልፈርም ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩት።"

"ዝም በይ ያልኩሽማ እኔ ነኝ።"

"እንዲገባው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንደ ሁልጊዜው 'እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንደ ወደድክ' ማለት እችል ነበር። ዝም ካልኩ እንደሚገባው አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት።"

ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ስሰማው ለእኔም አዲስ ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህን ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉ፤ ቁጣ አልነበረውም። "እኔ የማስበውን ልንገርሽ። ሽማግሌው ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሙሉ መብታቸው ተጠብቆ አሁን ይወጣሉ። ክሱ ይዘጋል። አንቺም ወንበርሽ ላይ ነሽ። ወገን ለ ጥፋተኛ ተገኘ ሲባል ልቡ ይረጋል። ማን ተጎዳ?"

ደግ ሐሳብ ነበር። ለሩብ ደቂቃ ያህል ወደድኩት። ሩብ ደቂቃ አይደለም፤ ከዚያ ይበልጣል። ኮታቸውን ለብሰው እስኪጨርሱ ድረስ ነው።

"እሳቸው ሌባ ተብለው ነው የሚወጡት" አልኩ።

"እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም።"

"ቤታቸው ግን እንደዚያ ነው የሚባለው። በጽሑፍ ላቅርበው?"

"ከጻፍሽው መመለሻ የለውም።"

ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ጻፍኩት። ስምንት ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ የራሴን ለመጻፍ ስድስት ጊዜ ጀመርኩ። ገጽ አልሞላም። ለነገረ ፈጁ በእጁ ሰጠሁት። አንብቦ "ቀድሞ የፈረሙትን ቃል ይሽራል ማለት ነው?" አለኝ። ይሽራል አልኩት።

አርብ 11

ተሰናበትኩ። ርክክቡ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ፤ ማኅተም፣ ቁልፎች፣ የስምንት ዓመት ቃለ ጉባኤ በቅደም ተከተል።

ጋሼ ተመልሰዋል። ከምድር ቤት ወደ ላይ እስኪወጡ ጠበቅኋቸው። እንደሚያመሰግኑኝ አስቤ ነበር፤ እዚህ ላይ ልጻፈውና ይውጣልኝ፣ አስቤ ነበር።

"አረንጓዴዋ እጀታ ተሰብራለች" አሉኝ። "ወደ ራስሽ ነው የጎተትሻት።"

"ይቅርታ ጋሼ።"

"ለእጀታዋ ነው?"

ቦርሳዬን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

"ማክሰኞ ስትደውዪልኝ ታውቂ ነበር" አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን ይዘው።

ሰኞ 14

ሬዲዮ ላይ ሰማሁት፣ እንደ ሰው ሁሉ። ሁለቱም ቦርዶች ውህደቱን አጽድቀዋል። ትልቁ ዋጋ ሲቀንስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለቱም ብዙ ደንበኛ ስለሄደ ወገን ለ ራሱ መሸሹን ትቶ ቸኮለ። እኔ አፈረስኩት ብዬ ሌሊት የምባንንበት ነገር እንዲያውም ፈጠነ። ልደሰት ወይስ ላፍር አላወቅሁም።

በአንድ ተቃውሞ ነው የጸደቀው። ማን እንደሆነ ሬዲዮው አልተናገረም። እኔ ግን መምህሩ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ እጃቸውን ሳያነሱ፣ ግድግዳውን ሲያዩ ታዩኝ።

ቅዳሜ 19

የባለቤቴ ደብዳቤ ደረሰ፤ ሱቁ በዘጠና ቀን ውስጥ ይዘጋል። ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው። "ሠላሳ አንድ" አለ። "ሱቄን ቁጥር ሰጡት።"

ልብስ ሰፊው ክፍል ውስጥ አዲስ ሰው ጫማ ደርድሯል። ባለቤቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ "ይህንን አምስት ዓመት ልሸከም ነበር" ይላል። እያጽናናኝ መሆኑ ነው። ሥራዬን በእሱ አፍ ምክንያት እንዳጣሁ ያውቃል፤ ስለዚህ በሦስት ቀን አንዴ የሚታጠበውን ሳህን አሁን በየቀኑ ያጥባል። እኔም ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳህኑን ስለሚያጥብበት መንገድ አስተያየት አልሰጥም። እንዲህ ነው የምንኖረው ሰሞኑን።

ከሰዓት ማዶ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አልቀመጥም አለች።

"ልጄ ነው። ለእኔ ብሎ የነገረኝን ሰው ነገር ወስዶ ሸጠው። ዕድገት ሰጡት። ቤቴ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ፤ ግን ይመጣል፣ ልጄ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ?" ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ወንድሜ፣ እኔ ሲም ካርድ መሸጥ እንጂ መጠገን አልችልም። ማዕዘኑ ሰፊ ነው። ጠረጴዛህን አምጣና በቀኝ በኩል አድርገው።"

"ተቀጣሪሽ ልሁን?"

"ጎረቤቴ ሁን። እንደ ድሮው፣ በመሃል መንገድ ሳይኖር።"

አስብበታለሁ አላት። ሐሙስ ጠረጴዛውን ከጫማ ሻጩ ጋር ተሸክመው ሲያሻግሩት ሁለት መኪና ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሹፌሮቹ ጡሩምባ ነፉባቸው። ባለቤቴ በመሃል መንገድ ጠረጴዛውን አስቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ።

(ይህን የጨመርኩት በኋላ ነው። ቀኖቹ ተደባለቁብኝ።)

አርብ 25

ትምህርት ቤት ጸሐፊ ይፈልጋሉ ብሎ የጠቆመኝ የልጄ አስተማሪ ነው። ርዕሰ መምህርቷ በዕድሜ የገፉ፣ ጠመኔ የነካው ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው። የሥራ ልምዴን ገልብጠው አዩ።

"ስምንት ዓመት የቦርድ ቃለ ጉባኤ። ለምን ለቀቅሽ?"

መልሱን አውቶቡስ ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። "በውህደቱ ምክንያት ነው" አልኩ።

"አዬ፣ ስንቱን ቤት በተነው" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "የእህቴንም ልጅ ከዚያው አስወጥተውታል። እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ሰኞ ትመጫለሽ።"

ብዕሩን ተቀበልኩ። ፈረምኩ። አመሰገንኩ። በሩ ጋ ደረስኩ። ኮሪደሩ ላይ ልጆች ወንበር እየጎተቱ ነበር፤ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ወጥቼ ደረጃው ድረስ ሄድኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ በውህደቱ ምክንያት ነው፤ ማንም ሰው ቢመረምረው እውነት ነው። ደረጃውን ሁለት ወረድኩ።

ተመለስኩ። ርዕሰ መምህርቷ ሌላ ወረቀት ጀምረው ነበር።

"አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ" አልኩ።

አዩኝ። በብዕራቸው ወንበሩን አመለከቱኝ። "ተቀመጪ።"

ተቀምጬ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። የፈረምኩትን ወረቀት፣ ሠንጠረዡን፣ ባለቤቴን፣ ጋሼን፣ ስለ ማሽኑ የደወልኩላቸውን ሳይቀር። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ ደወሉ ተደውሎ ኮሪደሩ በልጆች ተሞልቶ ነበር።

"ሽማግሌው አናግረውሻል ከዚያ በኋላ?"

"አላናገሩኝም።"

"እህ" አሉ። ውሉን አንስተው ፊርማዬን አዩት፤ መልሰው ፋይል ውስጥ አስገቡት። "ሰኞ ነይ። መዝገቡ፣ ደብዳቤው፣ የወላጆች ስብሰባ ያንቺ ነው። የፈተና ወረቀት ያለበት ክፍል ቁልፍ ግን ለጊዜው እኔ ጋ ይቆያል።"

እሺ አልኩ። ትክክል ናቸው።